መነን ማን?

በቀበሌም ሆነ በጤና ጣቢያ ስም የሚመዘግብ ሰው የልጅቱን ስም ጽፎ እንደጨረሰ ቀና ሳይል አንዲት ቃል ይጥላል፦ «ማን?» አስቴር ማን? ሰላም ማን? መነን ማን? እናትየው የባሏን ስም ትነግረዋለች፤ መዝጋቢው ይቀጥላል። ምርጫ የለም፣ ክርክር የለም። የልጅቱ ሁለተኛ ስም ከመፀነሷ በፊት፣ አባቷ ራሱ ሕፃን ሳለ በአያቶቿ ቤት ወጥቶ አልቋል።

በእንግሊዝ ወይም በአሜሪካ ሴት ልጅ የወለዱ ባልና ሚስት በዚህ በኩል ብዙ ይደክማሉ። ከመጠሪያ ስሟና ከቤተሰቡ ስም መሀል የሚገባ አንድ ተጨማሪ ስም ይፈልጋሉ፤ የመጀመሪያው ረጅም ከሆነ መሀለኛው አጭር እንዲሆን፣ ድምፁ እንዳይጋጭ ያወጣሉ ያወርዳሉ። ሮዝ፣ አን፣ ግሬስ የመሰሉት አጫጭር ስሞች መሀል ላይ የበዙት በዚህ ምክንያት ነው። ልማዱ እዚያም ቢሆን በተራው ሕዝብ ዘንድ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

እዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መሀለኛው ስም ተቀምጦ ይጠብቃል፤ የሚፈለገው ከእሱ ፊት የሚቆመው ነው። ስም የማውጣት ጥበብ ያለውም እዚያ ላይ ነው፤ ብዙ ወላጅ ግን ይህን የሚያስተውለው የልደት ምስክር ወረቀቱ ታትሞ እጁ ከገባ በኋላ ነው።

የአባት ስም ምን ያህል እንደሚሠራ ለማየት በወሎ ያለችው አምባሰል ጥሩ ቦታ ናት። ከወሎ ጋር ስማቸው የተያያዘ ሁለት መነኖች በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ አሉ፤ ሁለቱም እቴጌ ተብለዋል። የመጀመሪያዋ መነን ሊበን፣ የወሎው ኢማም ሊበን አመዴ ልጅ፣ የየጁው መስፍን የዳግማዊ ራስ ዓሊ እናት፣ በዘመነ መሳፍንት ማብቂያ ላይ ጎንደር ላይ የነገሠውን አጼ ዮሐንስ ሣልሳዊን ያገቡ ናቸው። ሁለተኛዋ መነን አስፋው፣ የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ልጅ፣ የአጼ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት ናቸው። ጃንጥራር የአምባሰል ገዥዎች በዘር የሚወርሱት የማዕረግ ስም ሲሆን፣ የግሸንን አምባ ከመጠበቅ ጋር ተያይዞ የቆየ ነው። «መነን» ብቻ ያለ ሰው የትኛዋን እንዳለ አይታወቅም። «ሊበን» ወይም «አስፋው» ሲባል ግን ዘመኑ፣ አገሩ፣ ቤተሰቡ፣ የአባትየው ሃይማኖት ሳይቀር ይለያል።

የሁለተኛዋ መነን እናት ወይዘሮ ስሂን ይባላሉ። ደሴ ላይ የተማረ ሰው ይህን ስም በትምህርት ቤቱ ያውቀዋል። ሙሉ ስማቸው ስሂን ሚካኤል ነው፤ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ። ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ መጀመሪያ መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር። በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሰሞን አጼ ዮሐንስ አራተኛ የክርስትና አባት ሆነዋቸው ተጠመቁና ሚካኤል ተባሉ። አንድ አባት ስሙን ሲለውጥ የሚለወጠው የእሱ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ ሁሉ ሁለተኛ ስማቸው አብሮ ይዞራል። በ1923 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ነግሠው ኃይለ ሥላሴ ሲባሉም እንደዚሁ ሆነ። በ1904 ዓ.ም. የተወለዱት ልዕልት ተናኘወርቅ በታሪክ የሚታወቁት ተናኘወርቅ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነው እንጂ ተናኘወርቅ ተፈሪ ተብለው አይደለም።

የክርስቲያንና የሙስሊም ስም በማቀላቀል ረገድ ወሎ ከሌላው አገር የተለየች ናት። የአጼ ቴዎድሮስ የመጀመሪያ ሚስት ተዋበች ዓሊ ናቸው፤ የራስ ዓሊ ልጅ። የአጼ ኃይለ ሥላሴ እናት የሺመቤት ዓሊ ናቸው፤ አባታቸው የወሎው ደጃዝማች ዓሊ አባ ጅፋር። ፊት ላይ አማርኛ፣ መሀል ላይ ዓሊ። ዛሬም ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ባለው መንገድ የተማሪ ስም ዝርዝር ቢነበብ ሙሐመድና ይመር፣ ፋጡማና አበበ አንድ መስመር ላይ ይገኛሉ። ከሌላ ክፍለ አገር የመጣ መምህር የመጀመሪያ ቀን ግራ ሊጋባ ይችላል። ለአገሬው ግን የዘመድ አቆጣጠር ነው፤ አያት ማን እንደነበረ፣ የየትኛው ቤት ልጅ ከየትኛው እንደተጋባ የሚነግረው ያ መሀለኛ ስም ነው። ልጃችን ከተማ ስትገባ ትቸገራለች ብለው የአባትን ወይም የአያትን ስም ለማለስለስ የሚያስቡ ወላጆች ይህን ሀብት በገዛ እጃቸው ይጥሉታል።

ስሞችን አቀናጅቶ ትርጉም መስጠት ለአምባሰል እንግዳ ነገር አይደለም። የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያደራጁት አባት ኢየሱስ ሞዐ ናቸው፤ ስማቸው «ኢየሱስ አሸነፈ» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። በእሳቸው ዘመን ዙፋኑን የያዘው ይኩኖ አምላክም «አምላክ ይሁነው» የሚል ምርቃት ተሸክሟል። የአጼ ልብነ ድንግል ሚስት ሰብለ ወንጌል «የወንጌል መከር» ናት። እንዲያው በነገራችን ላይ የ1881ዱ የውጫሌ ውል የተፈረመባት የአምባሰል ስፍራ እንኳ ይስማ ንጉሥ ትባላለች፤ መሬቱም አቤቱታ ያቀርባል ማለት ነው።

ይህ ልማድ ወደ ተራው ቤት ሲገባ የዓረፍተ ነገሩን ግማሽ አባት ያመጣል፣ ግማሹን ልጅ። የወሎዋ ድምፃዊት ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታዜም ያልሰማ ጥቂት ነው፤ ቅኝቱ ራሱ በዚህ አገር ስም የሚጠራ፣ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ አንዱ ነው። ስሟ ከአባቷ ስም ጋር ሲነበብ ደግሞ ማሯን የለገሰ አንድ ለጋሽ አለ። ሂሩት በቀለ፦ ደግነት በቀለ። ነፃነት መለሰ፦ ነፃነትን የመለሰ። ታስቦበትም ይሁን በአጋጣሚ፣ እነዚህ ስሞች ተጣምረው ሲጠሩ ጆሮ ላይ የሚቀሩት አንድ ሐሳብ ስለሚጨርሱ ነው። ሁሉም ግን ዓረፍተ ነገር መሆን የለበትም። በአቴንስና በለንደን ኦሊምፒክ የአምስት ሺህ ሜትር ወርቅ ያመጣችው መሠረት ደፋር ስሟ ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ አንዱ ለሌላው ቅጽል ሆኖ ይቆማል፤ በሩጫዋ ያየናትም እንደዚያው ናት።

አባትየው በግሥ ስም ከተጠራ ሥራው ይቀላል። ታደሰ የሚባል አባት ሕይወት የምትባል ልጅ ቢኖረው ሕይወት ታደሰ። ተሰማ ካለ ብሥራት ተሰማ። ይርጋ ካለ ሰላም ይርጋ፤ ይህችኛዋ ስሟ በተጠራ ቁጥር አገር ይመረቃል። ሞላ የሚባል አባት ያላት ልጅ ደስታ ብትባል ቤቱ ሞላ።

ጥንቃቄው ታዲያ በዚሁ በር ይገባል። ጎጃም ውስጥ ቸኮል የሚባል ሰው ብርቅ አይደለም፤ ልጁን ትዕግሥት ካላት ትዕግሥት ቸኮል ሆነች። ደምሴ የሚባል አባት ሰላም የምትባል ልጅ ካለው ሰላምን የሚደመስስ ሰው ስሟ ውስጥ ቁጭ አለ። ልጅቱ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላት የክፍል ጓደኞቿ ይደርሱበታል፤ ተማሪ ከወላጅ ይልቅ ስም ያነባል። ከነዚህ ይልቅ የተለመደው ስሕተት ደግሞ ትርጉምን ሳይሆን ድምፅን መርሳት ነው። ሰላም መንግሥቱ ቶሎ ሲጠራ ሁለቱ መ ተዋውጠው «ሰላመንግሥቱ» ይሆናል። ማርታ ታፈሰ ዓይነቱም ምላስ ላይ ይደራረባል። ረጅም ስም ከአጭር የአባት ስም ጋር፣ አጭር ከረጅም ጋር ሲሄድ ጥሩ ነው፤ የአጼ ቴዎድሮስ ሁለተኛ ሚስት ጥሩወርቅ ውቤ ስማቸው ይህን ሚዛን የጠበቀ ነው። በ«ነሽ» የሚያልቁት፣ ጥሩነሽ፣ ብዙነሽ፣ ሙሉነሽ፣ ልጅቱን ፊት ለፊት አናግረው ስለሚጨርሱ ከማንኛውም የአባት ስም ጋር ይስማማሉ። አበበች በቀለ ግን ሁለት ግሥ ተከታትሎ አንዱም ሌላውን አይጠብቅም። ይህ የጽሑፉ አስተያየት ነው፤ በስማቸው ደስ ብሏቸው የሚኖሩ አበበች በቀለዎች ቅር አይበላቸው።

የአባት ስም የቤተሰብ ስም አለመሆኑ ፈረንጆችን ዘወትር ያደናግራል። እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽ፣ ገንዘቤ ዲባባ እውነትም እኅትማማቾች ናቸው፤ ዲባባ አባታቸው ነው። ዘመዳቸው ደራርቱ ግን ቱሉ ናት፤ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ አሥር ሺህ ሜትርን ያሸነፈችው ጀግና የዲባባ ቤት ዘመድ መሆኗ ከስሟ አይታወቅም። በአንጻሩ ብዙነሽ በቀለና ሂሩት በቀለ፣ ሁለቱ የአማርኛ ዘፈን እመቤቶች፣ በቀለ ቢያገናኛቸውም እኅትማማች አይደሉም። ሴት ልጅ ስታገባም የአባቷን ስም ይዛ ትቀራለች፤ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በአንድ ቤት ውስጥ በየራሳቸው የአባት ስም ይኖራሉ። ከእኛ ጋር የምትመሳሰለው አገር ሩቅ ናት፦ አይስላንድ። ድምፃዊቷ ብዮርክ ጉድሙንስዶቲር ማለት ብዮርክ፣ የጉድሙንዱር ልጅ ማለት ነው። የአይስላንድ ስልክ ማውጫም እንደ እኛው በመጠሪያ ስም ፊደል ተራ የተደረደረ ነው።

የአባት ስም የሌላቸው ዝነኛ ኢትዮጵያውያት ሁለት ብቻ ይመስላሉ። አንዷ በ1967 ዓ.ም. ሀዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ናት። ሌላዋ ልብ ወለድ ናት፦ መሳፍንት ስለሚታሰሩበት የኢትዮጵያ ተራራ አውሮፓ የደረሰውን ወሬ ይዞ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. በጻፈው «ራሴላስ» ውስጥ ያለችው ልዕልት ነካያ። ደራሲው አገሩን አላየም፤ «ነካያ ማን?» ብሎ የሚጠይቀው ሰውም አላገኘም።

ያ ወሬ የመጣው ከግሸን ነው። አምባው ለብዙ ዘመን ዙፋን ሊሻሙ የሚችሉ የነገሥታት ልጆች ተግዘው የሚኖሩበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1540 የግራኝ አሕመድ ሠራዊት እስኪይዘው ድረስ። እዚያ ተግዘው ከኖሩት አንዱ ዘርአ ያዕቆብ ነው። በ1434 እ.ኤ.አ. ሲነግሥ የዙፋን ስሙ ቈስጠንጢኖስ ተባለ። ከሚስቶቹ አንዷ የሐድያው ገዥ ልጅ እሌኒ ናት። በቤተ ክርስቲያን ታሪክ መስቀሉን ያስቆፈረችው ንግሥት እሌኒ፣ ልጇም ቈስጠንጢኖስ ነው። በኢትዮጵያ ትውፊት ደግሞ የመስቀሉን ግማድ በመስቀል ቅርጽ በተቀመጠው የግሸን አምባ ላይ ያሳረፈው ዘርአ ያዕቆብ ነው። ሁለት ስሞች ጎን ለጎን ሆነው ይህን ያህል ታሪክ ሲሸከሙ ማየት ብርቅ ነው።

መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም በየዓመቱ ስትነግሥ ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ አምባውን ይሞላዋል። ከመጪዎቹ መሀል ልጅ ለምነው ስለት የገቡ፣ ተሰጥቷቸው ስለታቸውን የሚከፍሉ አሉ። በዚህ ሰሞን የሚወለዱ ሴቶች ስም ከወቅቱ ይቀዳል፦ መስከረም፣ አደይ፣ እሌኒ፣ ማርያማዊት፣ ብፅዓት። መስከረም 26 ዘመነ ጽጌ ይገባልና ጽጌ፣ ጽጌረዳ፣ ማኅሌት ይከተላሉ። በሌላ ጊዜ ስሙን የሚሰጠው የቤቱ ሁኔታ ነው። ልጅ ከሞተ በኋላ የመጣች ምትኬ ወይም ማስረሻ ትባላለች። ይህችኛዋ ስሟን ከአባቷ ስም ጋር ማስማማት ማንም አያስበውም፤ ሐዘን የሚያወጣው ስም ጆሮ አይጠይቅም።

ከዚህ ሁሉ ሌላ ክርስቲያኗ ልጅ አንድ ድብቅ ስም አላት። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ትነሣለች፤ ካህኑም ዕለቱን ወይም ታቦቱን አይቶ የክርስትና ስም ይሰጣታል። ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሚካኤል፣ አመተ ሥላሴ፣ ጽጌ ማርያም፣ ሥርጉተ ማርያም። በእንግሊዞቹ አስተሳሰብ መሀለኛ ስም የሚባለው ነገር በእኛ ዘንድ ካለ ይሄ ነው፦ በየቀኑ የማይጠራ፣ ግን በቁርባን፣ በጸሎትና በፍትሐት ላይ የማይቀር። ወጉ ስሙን ለሰው ሁሉ ባለመንገር የጠና ነበር፤ መተተኛ በክርስትና ስም ይሠራል ተብሎ ይፈራልና። የነገሥታቱ ግን ታሪክ ጸሐፊ እጅ ገብቷል። እቴጌ ጣይቱ ወለተ ሚካኤል፣ ንግሥት ዘውዲቱ አስካለ ማርያም፣ ልዕልት ተናኘወርቅ ፍቅርተ ማርያም ነበሩ። የአምባሰሏ መነን አስፋው ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ከእሳቸው ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ጎንደርን ያስተዳደሩት እቴጌ ምንትዋብም እንዲሁ ወለተ ጊዮርጊስ ነበሩ። መጠሪያ ስሙ ከዘመን ዘመን ይለዋወጣል፤ ፋሽን አለው። ወለተ ጊዮርጊስ ግን ከምንትዋብ እስከ መነን፣ ከመነን እስከ ዛሬ ጠዋት የተጠመቀችው ድረስ ያው ነው።

የሙስሊሞቹ ቤት ፈጠን ይላል። በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ይታረዳል፤ ለወንድ ሁለት በግ ወይም ፍየል፣ ለሴት አንድ። ስሙም ያን ቀን ይጸናል። ሁለተኛ የሃይማኖት ስም አያስፈልግም፤ ከዲጃ፣ ፋጡማ፣ ዘሐራ ወይም ሐያት ተብላ ወዲያው የአባቷ ስም ይከተላታል።

መንግሥት በዚህ ጉዳይ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ስም በርካታ አንቀጾች አሉት። ከነዚህ መሀል ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፦ መጠሪያ ስም የሚያወጣው አባት ወይም በእሱ ምትክ የአባት ወገን ሲሆን፣ እናት ወይም የእናት ወገን ደግሞ ለልጁ ሁለተኛ መጠሪያ ስም መስጠት ይችላሉ። ማለትም ሕጉ ስልሳ ዓመት ካለፈው ጊዜ ጀምሮ ለእናት የተተወች አንዲት ቦታ አስቀምጧል። በቤት ውስጥ ሴቶች ይህን ሳያነቡትም ይሠሩበታል፤ አያት በአንድ ስም፣ አክስት በሌላ፣ እናት በሦስተኛ የምትጠራት ልጅ በየቤቱ አለች። በአንዳንድ የአማራ ገጠርም ሙሽራዪቱ ስትሄድ አማቶቿ አዲስ ስም ያወጡላታል። ወረቀት ላይ ግን እናት ያወጣችው ስም አይታይም። እናቷ «ማርያማዊት» ስትላት ያደገች፣ በሰነድ «ሔዋን» ብቻ የሆነች ልጅ እናቷ ያወጣችላትን ስም ለባሏና ለልጆቿ በአፍ ከማውረስ ሌላ መንገድ የላትም። የሚያሳዝነው ሕጉ ሳይሆን ማንም የማይጠይቅበት መሆኑ ነው።

አሁን የልደት ምዝገባ ግዴታ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ሥራው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ለሴት ልጅ ይህ ከቤተ ክርስቲያኑ ቀጠሮ ጋር ተጠጋግቶ ይወድቃል። በግሸን በዓል ዕለት፣ መስከረም 21 የተወለደች ልጅ ሰማንያኛ ቀኗ ታኅሣሥ 10 ነው፤ የምዝገባው ጊዜ የሚያልቀው ደግሞ ታኅሣሥ 21፣ ዳግመኛ በማርያም ቀን። ክርስትና ሳትነሣ ስም አይጸናም ብሎ የሚጠብቅ ቤተሰብ ከድግሱ በኋላ የሚቀረው አሥር ቀን ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የሚመዘገብ ካለ በችኮላ የወጣ ስም ይመዘገባል፤ በኋላ ማስቀየር ደግሞ ፍርድ ቤት ያስኬዳል።

ውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቅጽ ሦስት ሳጥን አለው፦ መጠሪያ፣ መሀለኛ፣ የቤተሰብ። የአባት ስም ሳይወድ በግዱ ወደ መሀለኛው ሳጥን ይገባል፤ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ይሆናል። ዓለም ዘ ዊክንድ ብሎ የሚያውቀው ካናዳዊ ድምፃዊ ሙሉ ስሙ አቤል መኮንን ተስፋዬ ነው፤ ተስፋዬ የሚለው ስሙ በየመድረኩ ሲጠራ ሰውየው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በአያቱ እየተጠራ ነው። ስለዚህ ቶሮንቶ ወይም ዋሽንግተን የምትወለድ ልጅ «መሀለኛ ስም» ቢባል የአባቷ ስም ነው ብሎ የሚወስን ቤተሰብ ብዙ ነው። ሌላው ደግሞ ሳጥኑን ለአያቷ ስም ወይም ለክርስትና ስሟ ይጠቀምበታል፤ የአባት ስም ያን ጊዜ የቤተሰብ ስም ይሆንና ለዘለዓለም ይጸናል፤ ልጇም፣ የልጅ ልጇም በአንድ ሰው ሊጠሩ ይችላሉ። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል። የማያስኬደው ለአንዷ ልጅ አንዱን፣ ለታናሿ ሌላውን ማድረግ ነው፤ በአንድ ቤት ያሉ ሁለት እኅትማማቾች በፓስፖርት ባዳ ይሆናሉ።

አዲስ አበባ ላይ ከዚህ የራቀ ሌላ ዓይነት ችግር አለ። ሶሊያና፣ ናታኒያ፣ ሄራን፣ ኤልዳና የመሰሉ ስሞች ባለፉት ዓመታት ከተማውን ሞልተውታል። አንዳንዶቹ ያምራሉ፤ መናቅ አይገባም፤ መነንም በጊዜው አዲስ ነበር። ብቻ ወላጆች እነሱን ሲመርጡ ብቻቸውን ያዳምጧቸዋል። ሶሊያና ብቻዋን ጥሩ ነው፤ ሶሊያና ጎበዜ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም ከአያቷ ስም ጋር ሦስቱ አንድ ላይ ሲጠሩ መሰማት አለበት፤ ፋይዳ መታወቂያ ላይ የሚወጣው ሦስቱም ነውና። የገጠር አባት ስም ከከተማ ልጅ ስም ጋር አይሄድም ማለት አይደለም፤ ወሎ ተዋበችን ከዓሊ፣ የሺመቤትን ከዓሊ ጋር አስማምታ ያኖረች አገር ናት። የሚጠየቀው ጆሮ ነው።

ስለዚህ ሴት ልጅ የሚጠብቅ ቤተሰብ አንድ ወረቀት ይያዝ። የአባትን ስም መሀል ላይ፣ የአያትን መጨረሻ ላይ ይጻፍና የታሰቡትን ስሞች አንድ በአንድ ፊት ላይ እያስቀመጠ ጮክ ብሎ ያንብብ። እናትየዋ በሕግ የተሰጣትን ሁለተኛ ስም የመስጠት መብት ታንሣ። ለምዝገባ ሲኬድም ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት የአባት ስም አጻጻፍ ነው፤ በአማርኛውም ሆነ በላቲን ፊደሉ በአባትየው መታወቂያ ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ካልሆነ፣ አንዲት ፊደል ብትለይ፣ ልጅቱ ከሃያ ዓመት በኋላ ፓስፖርት ስታወጣ የአባቷ ልጅ መሆኗን በማስረጃ እንድታረጋግጥ ትጠየቃለች።